ዊክፊሽን ማን ጨረሰው? ለጋሼ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዊክፊሽ፣ እዚህ ምስራቅ ጠረፍ ላይ ስለሚጠመደው የባህር አሳ፣ የተጻፈውን ረዘም ያለ ጽሑፍ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን አሳ አጥማጅ አበሾች ተቀባብለን አንብበነዋል። የጻፉት ጋሼ ናቸው፣ ስማቸውን አላነሳም፣ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል፣ ብዙዎቻችንን ፒር ላይ (ወደ ውሃው የተዘረጋው የማጥመጃ ድልድይ ላይ) መንጠቆ ማሰር ያስተማሩን ሰው ናቸውና አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ትዝታ ብቻ ቢሆን ደስ ብሎኝ አንብቤ እተወው ነበር፣ መጨረሻው ላይ ግን ሰው ያገኘውን ባልዲ ውስጥ ይክተት የሚል ምክር አለው፣ እሱ ምክር ደግሞ አሳውንም ሰውንም ይጎዳል።

ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ ጋሼ በፈረንጆቹ 80ዎቹ ደላዌር ቤይ (ወሽመጡ ጋ) ወርደው ኩለር ሙሉ ዊክፊሽ ይዘው ይመለሱ እንደነበር ያነሱና ዛሬ ለምን ጠፋ ብለው ይጠይቃሉ። መልሳቸው፣ ጣና ላይ ነጩን አሳ መረብ እንደጨረሰው እዚህም የንግድ መረብ ጨረሰው፣ የተረፈውን ሮክፊሽ (ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ትልቅ አሳ) በላው፣ ከዛ የተረፈው ደግሞ ውሃው ሲሞቅበት ወደ ሰሜን ሄደ የሚል ነው። ይሄ አሳ ድሮም እየጠፋ የሚመለስ ነው ይላሉ፣ እንደውም መመለስ ጀምሯል ብለው ባለፈው ፎል የያዙትን ፎቶ አያይዘዋል። ከዛ ወደ ምክራቸው ይመጣሉ፦ እኛ በመንጠቆ የምንይዘው ምንም ለውጥ አያመጣም፣ በሰው አንድ ዊክፊሽ ብቻ የሚለው የአንድ አሳ ህግ ከወጣ ስንት አመቱ ምንም አልጠቀመም፣ አፉ ስስ ስለሆነ ብትለቁትም ይሞታል፣ ስለዚህ ከ10 ኢንች ካለፈ ውሰዱት።

በፎቶው ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ሰው ያሳመነው እሱ ነው። ጋሼ፣ ያ አሳ ዊክፊሽ አይደለም። አጉልታችሁ እዩት፣ ጀርባው ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ጥቁርና ክብ ክብ ናቸው፣ የጀርባ ክንፉ ላይ አሉ፣ ጅራቱም ላይ አሉ። ይሄ ስፔክልድ ትራውት ነው። ዊክፊሽ ላይ ነጠብጣቡ ደቃቅ ነው፣ ጀርባው ላይ ዘመም ዘመም ባሉ መስመሮች ተረጭቶ ነው የሚታየው፣ ጅራቱ ላይ የለም፣ ገና ከውሃ ሲወጣ ጎኑ ሐምራዊና አረንጓዴ እየቀላቀለ ያብለጨልጫል፣ የሆዱ ክንፎች ወደ ቢጫ ያደላሉ። በጥርስ ለመለየት አትሞክሩ፣ ከላይ ፊት ለፊት ያሉት ረዣዥም ጥርሶች ሁለቱም ላይ አሉ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ አሳዎች ስለሆኑ፣ ዊክፊሹንም ሰው ግሬይ ትራውት እያለ ስለሚጠራው፣ ማታ በባትሪ ብርሃን መሳሳት ይኖራል፣ ይሄ ማንም ላይ ይደርሳል። ግን ከዛ ተነስቶ ዊክፊሽ ተመልሷል ማለት አይቻልም። ስፔክልድ ትራውት ሙቀት የሚወድ አሳ ነው፣ ዊንተሩ ሲለዝብ የቼሳፒክ ቤይ ታችኛው ክፍል ላይ በደንብ ይገኛል፣ ከባድ ብርድ ድንገት ሲመጣበት ደግሞ ደንዝዞ ይንሳፈፋል፣ በ2018 ጃንዋሪ ላይ ኖርዝ ካሮላይና በዚህ ምክንያት ማጥመዱን እስከ ጁን ድረስ ዘግታው ነበር። ስለዚህ ጋሼ ያዩት ለውጥ እውነተኛ ለውጥ ነው፣ የሌላ አሳ ለውጥ ነው እንጂ። የሁለቱ ህግም የተለያየ ነው፣ በኢንቹም በቁጥሩም።

ወደ መረቡ ስመጣ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። በ1980 የንግድ አጥማጆች ብቻ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዊክፊሽ አውጥተዋል፣ ይሄ የሚካድ አይደለም። አሳው ዊንተሩን የሚያሳልፈው ከቼሳፒክ አፍ እስከ ኬፕ ሉክአውት ባለው የውቅያኖስ ዳርቻ ተከማችቶ ስለሆነ በትልልቅ ጎታች መረብ እዛው ድረስ ሄደው ነበር የሚያፍሱት፣ የሽሪምፕ መረብ ደግሞ ገና ጣት የማያህሉትን ከሽሪምፑ ጋር ጠርጎ ያወጣና ሞተው ይጣላሉ። ለዚህም ነው የአትላንቲክ ጠረፍ ስቴቶች የጋራ የአሳ ኮሚሽን ከ1985 ጀምሮ እቅድ እያወጣ ያጠበቀው፣ ከኬፕ ሀተራስ በስተደቡብ ያ ጎታች መረብ ተዘጋ፣ በ90ዎቹ አጋማሽ የሽሪምፕ መረቦች ላይ ትንንሽ አሳ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ግዴታ ሆነ።

እሺ፣ ከዛስ? ጋሼ ታሪኩን እዚህ ላይ ነው ያቆሙት። እነዚህ እርምጃዎች ሲወሰዱ በ90ዎቹ አጋማሽ አሳው ማገገም ጀምሮ ነበር፣ በዛ ጊዜ ያጠመደ ሰው ያስታውሰዋል። ከዛ መረቡ እየቀነሰ እያለ፣ ቁጥጥሩ እየጠበቀ እያለ፣ አሳው እንደገና መውረድ ጀመረና እስከዛሬ አልተነሳም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ጋ ነው፣ ይሄን ካልገባን ሌላው ወሬ ነው የሚሆነው።

ተመራማሪዎቹ የተፈጥሮ ሞት የሚሉት ነገር አለ፣ መንጠቆም መረብም ሳይነካው በሌላ ምክንያት የሚሞተው ማለት ነው። በ2016 የወጣው ትልቁ ግምገማ እንዳሳየው ይሄ መጠን በ80ዎቹ መጀመሪያ 0.16 ገደማ ነበር፣ ከ90ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ ከ2007 በኋላ በነበሩት አመታት በአማካይ ከ0.9 በላይ ደርሷል። እንዲህ ሲጻፍ ምንም አይመስልም፣ ስታሰሉት ግን ድሮ ከ100 ዊክፊሽ ውስጥ ማንም ሳያጠምደው በአመት የሚሞተው 15 ገደማ ነበር፣ አሁን 60 ገደማ ሆኗል። በየአመቱ! ይሄ ማለት አሳው ይወለዳል፣ አያድግም። ደግሞ ፒር ላይ የሚቆም ሰው ይሄን በአይኑ የሚያየው ነገር ነው፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ስፖት የሚባለውን ትንሽ አሳ ፈልጎ ብለድዎርም (የባህር ትል) ያወረደ ሰው ስምንት ዘጠኝ ኢንች የሆኑ ዊክፊሾች፣ ስፓይክ የምንላቸውን፣ ይይዛል፣ ትንንሾቹ አሉ። የሌሉት የነዛ ታላላቆች ናቸው። ዊክፊሽ እስከ 17 አመት መኖር የሚችል አሳ ነው፣ ዛሬ የሚያዘው ግን አብዛኛው አንድ ሁለት ሶስት አመቱ ነው።

ጣናን በተመለከተ፣ ጋሼ ያነሱት ታሪክ እውነት ነው ግን ምሳሌው ለእሳቸው ክርክር አይሰራም። ጣና ላይ በሞተር ጀልባ ረጅም መረብ የሚዘረጋው የንግድ ማጥመድ የተጀመረው በ1986 ነው (በፈረንጆቹ)፣ ነጩ አሳ ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ ይከማቻል፣ መረቡ እዛው ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ተመራማሪዎች በ90ዎቹ መጀመሪያና በ2001 የያዙትን ሲያነጻጽሩ ከአራት እጅ ሶስቱ ያህል ቀንሶ ነው ያገኙት። ነጩ አሳ ለመውለድ ብዙ አመት የሚፈጅ ቀስ ብሎ የሚያድግ አሳ ነው፣ ሊወልድ ሲሄድ ከተያዘ ያልቃል፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዊክፊሽ ግን ገና በአንድ አመቱ አብዛኛው ለመውለድ የደረሰ ነው፣ በአንድ ወቅት ደጋግሞ እንቁላል ይጥላል። ችግሩ መረብ ብቻ ቢሆን ኖሮ መረቡ ሲቀንስ በሶስት በአራት አመት ቤዩ በሞላ ነበር። አልሞላም እኮ! ስለዚህ የጣናው ነገር እዚህ ካለው ጋር ሲነጻጸር የሚያሳየው ልዩነቱን ነው።

በመረብ ጉዳይ መታገል የሚፈልግ ሰው ካለ ግን ቦታው አለ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ነው። በ2025 የስቴቱ ሴኔት ወደ ውስጥ ባሉት ውሃዎች የሽሪምፕ ጎታች መረብን የሚከለክል ህግ አሳልፎ ነበር፣ ሃውሱ (ሌላኛው ምክር ቤት) ሳያነሳው ቀረ። እነ ፓምሊኮ ሳውንድ ላይ የሚጠረጉት ትንንሾች ወደ ሰሜን የምናጠምዳቸው የኛዎቹ ናቸው፣ የስቴት ድንበር አያውቁም። እዚህ ላይ ጋሼ ቢጽፉ አብሬያቸው እቆማለሁ።

የሮክፊሹን ክስ ደግሞ እንየው። ክሱ ከባዶ ሜዳ የተነሳ አይደለም፣ ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ሮክፊሽ ማጥመድን ሙሉ በሙሉ ዘግታ ነበር፣ በ1995 አገግሟል ተባለ፣ የዊክፊሽ የተፈጥሮ ሞት መጨመር የጀመረውም በዛው ሰሞን ነው፣ ስለዚህ ሰው ሁለቱን ማገናኘቱ ያለ ነገር ነው፣ ተመራማሪዎቹም ራሳቸው ይሄን መርምረውታል። ግን የሮክፊሽ ሆድ ሲከፈት በብዛት የሚገኘው ሜንሄደንና አንቾቪ የሚባሉ ትናንሽ አሳዎች ናቸው፣ ዊክፊሽ ከመሀል አልፎ አልፎ ነው። ከዛ በላይ ደግሞ ሮክፊሹ ራሱ አሁን የት አለ? በ2019 በወጣው ግምገማ ከሚገባው በላይ ተጠምዶ አልቋል ከሚባሉት መዝገብ ገባ፣ በ2023 ሜሪላንድ በየአመቱ የሚወለዱትን ስትቆጥር ያገኘችው በአንድ የመረብ ጉተታ በአማካይ 1.0 አሳ ነው፣ የረጅም አመት አማካዩ ወደ 11 የሚጠጋ ሆኖ ሳለ። በላተኛው ከቀነሰ ብዙ አመት ሆኖታል፣ ተበላ የተባለው ግን ብቅ አላለም። ጋሼ በጽሑፋቸው ሮክፊሽን በደንብ እንብላ ዊክፊሽ እንዲመለስ ሲሉ እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው፣ እንደዛ ካደረግን ሁለቱንም ነው የምናጣው።

እኔ የሚመስለኝ አንድ ተከሳሽ የለም። ዶልፊን ዊክፊሽን፣ ክሮከር የሚባለውን አሳ እና ስፖትን በደንብ ይበላል፣ ዶግፊሽ የሚሉት ትንሹ ሻርክም አለ፣ ውሃው እየሞቀ ነው፣ የሚበሉት ትናንሽ አሳ የሚገኝበት ቦታና ጊዜ እየተቀየረ ነው። ዊክፊሹ ብቻውን ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፣ ግን ክሮከርና ስፖትም ቀንሰዋል፣ ከ2021 ጀምሮ ለነሱም በሰው 50 የሚል ገደብ ወጥቷል፣ ድሮ ክሮከርን ማን ይቆጥረው ነበር? ሶስቱም የአንድ ቤተሰብ አሳ ናቸው፣ ሶስቱም ትንንሾቻቸው ቤዩ ውስጥ አድገው ፎል ላይ ወደ ውቅያኖስ ይወጣሉ። ይሄን ያየ ሰው ጣቱን አንድ መረብ ወይ አንድ አሳ ላይ ብቻ ለመቀሰር ይከብደዋል።

ወደ ሰሜን ሄደ ለሚለው አጭር ነው መልሱ። ቆጠራው የሚደረገው ከማሳቹሴትስ እስከ ፍሎሪዳ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ አድርጎ ነው። ሜሪላንድን ለቆ ኒውዮርክ ቢገባ ኒውዮርክ ላይ ይቆጠራል፣ አይጠፋም። በ2019 የታደሰው ግምገማ እንደሚለው በ2017 ለመውለድ የደረሰው ዊክፊሽ በጠቅላላው 4.24 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ ቢያንስ መሆን የነበረበት 13.6 ሚሊዮን ነው፣ ከ2003 ጀምሮ ከዛ መስመር በታች ነው ያለው። ሰሜን ላይ ተትረፍርፎ ቢሆን ኒውዮርክ 16 ኢንች እና በሰው አንድ ብላ ምን አስጨነቃት? ጋሼ የጠቀሱት የስታተን አይላንዱ ሪከርድም እውነት ነው፣ በ2008 19 ፓውንድ ከ12 አውንስ የሆነ ዊክፊሽ እዛ ተይዟል፣ የአለም ሪከርድ ነው። ግን የተያዘው አሳው በጣም ባነሰበት ሰአት ነው፣ አንድ ትልቅ አሳ መያዙ ብዙ አሳ አለ ማለት አይደለም። ውሃ መሞቁ ያመጣውን ለማየት ቨርጂኒያ ሄዶ ነጩን ሽሪምፕ ማየት ነው፣ ድሮ ከካሮላይና ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚፈለግ የነበረ ሽሪምፕ ዛሬ ቨርጂኒያ ላይ ለንግድ ይጠመዳል።

ዙር አለው፣ ራሱ ይመለሳል የሚለው ነገር ደግሞ ያጽናናል፣ እኔም እንዲሆን እመኛለሁ። ቀደም ባሉት አስርት አመታት ቀንሶ የነበረ አሳ በ70ዎቹ ተንበሽብሾ መምጣቱ እውነት ነው። ልዩነቱ፣ በአንድ አመቱ የሚወልድ አሳ ከ20 አመት በላይ ዝቅ ብሎ ከቆየ ዝም ብሎ ዙሩን እየጠበቀ ነው ማለት ያስቸግራል። የሆነ ነገር ይዞታል። ምናልባት ያ የያዘው ነገር አንድ ቀን ይለቀው ይሆናል፣ ጥያቄው ያን ቀን ውሃ ውስጥ ስንት ወላጅ ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

የአንድ አሳ ህጉም ለዚህ ነው የወጣው። ጋሼ ህጉ አልጠቀመም ሲሉ የለኩት ሌላ ነገር ነው። በ2009 ኖቬምበር ኮሚሽኑ በመንጠቆ ለሚያጠምድ በሰው አንድ አሳ፣ ለንግድ ጀልባ በአንድ ጉዞ 100 ፓውንድ ብሎ ሲወስን ይሄ አሳውን ይመልሰዋል ብሎ ቃል አልገባም፣ የተፈጥሮ ሞቱ እንደዚህ ሆኖ ማጥመድ ሙሉ በሙሉ ቢቆም እንኳን ቶሎ እንደማይነሳ ያን ጊዜም ተነግሯል። አላማው ያለውን እንዲቆይ ማድረግ ነው። እና ጋሼ የሰጡት ምክንያት ራሱ ወደኔ ነው የሚያዳላው፦ ከመቶው 60ው በራሱ የሚሞት ከሆነ የተረፈው እያንዳንዱ አሳ ዋጋው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ደሞዙ በግማሽ የተቆረጠበት ሰው ያለችውን ቆጥቦ ይይዛል እንጂ ከእንግዲህ ባወጣውም ባላወጣውም ያው ነው አይልም። በዛ ሁሉ አልፎ 14፣ 15 ኢንች የደረሰች ሴት ዊክፊሽ ሜይ ላይ፣ ልክ ከፋሲካ በኋላ ቤዩ ውስጥ ስትገባ፣ ከማንም በላይ የምትፈለገው እሷ ናት። ህጉ አንድ ይፈቅዳል፣ መብታችሁ ነው፣ እኔ ግን በዛ ሰሞን እሷንም ብትለቋት ደስ ይለኛል።

ብትለቁትም ይሞታል ወደሚለው ስንመጣ፣ ይሄ ነገር ፒር ላይ ሁሌ ይባላል፣ ግን ግምገማዎቹ የሚጠቀሙበት ስሌት ከተለቀቁት 10 በመቶው ይሞታል የሚል ነው፣ ዘጠና በመቶው ይተርፋል ማለት ነው። አፉ ስስ መሆኑ እውነት ነው፣ የሚቀደደው ግን በአብዛኛው እኛ በምናደርገው ነው። ፒር ላይ ቆሞ አሳውን በላይኑ (በመንጠቆው ገመድ) አየር ላይ አንጠልጥሎ መጎተት ነው ትልቁ ጥፋት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ክብደቱ ከንፈሩን ቀዶ ይወድቃል ወይ ኮንክሪቱ ላይ ይፈርጣል። በገመድ የሚወርደውን ክብ መረብ አውርዱለት፣ ብዙም ውድ አይደለም፣ ከሌላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፣ የሚከለክል አላየሁም። ሪሉን (የገመዱን መጠቅለያ) ላላ አድርጉ፣ ሲሮጥ ይሩጥ። ሶስት ጫፍ ካለው መንጠቆ ይልቅ ባለ አንዱን እሰሩ፣ ሾሁን በፒንሳ ደፍጥጡት፣ ጂግ (ክብደት የተደረገበት መንጠቆ) ላይ ለስላሳ ፕላስቲክ ካደረጋችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ነው የሚያዘው። በክራብ ወይ በስኩዊድ ታች አስቀምጣችሁ ከሆነ የምታጠምዱት ሊውጠው ይችላል፣ ያኔ መንጠቆውን ቆፍራችሁ አታውጡ፣ ላይኑን አፉ ስር ቆርጣችሁ ልቀቁት። እጃችሁን ሳታረጥቡ አትንኩት፣ ለፎቶ ብላችሁ ደረቅ እንጨት ላይ አታስተኙት።

አንድ የቀረኝ፣ ጋሼ፣ እርሶ የጻፉትን ሰው ያምናል፣ በተለይ አዲስ የመጡ ልጆች እንግሊዝኛውን መመሪያ ከሚያነቡ እርሶ ያሉትን ነው የሚይዙት። ከ10 ኢንች ካለፈ ውሰዱት የምትለዋን መስመር እባክዎን ያስተካክሏት። ሜሪላንድ 13 ኢንች ነው፣ ደላዌር 13፣ ቨርጂኒያ 12፣ ሁሉም ጋ በሰው በቀን አንድ ነው። አንድ ልጅ ባልዲው ውስጥ አራት ስፓይክ ይዞ ኢንስፔክተር ቢመጣበት ቅጣቱን የሚከፍለው እሱ ነው፣ አማርኛ ላይ አንብቤ ነው ቢል የሚሰማው የለም። የቀረውን በሃሳብ እንከራከርበት፣ እቺን መስመር ግን ዛሬውኑ ይቀይሯት።